ቱብለስ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ፦ ሁክለስ ቸርኬ ላይ እንዴት ይገባል?

ዳገት_ወዳጅ

ሰላም ለቤቱ።

ጥያቄዬ የኮርሳ ብስክሌት ነው። ቸርኬው ካርቦን፣ ቁመቱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬኑ ዲስክ። ጎኑ ላይ 622x23 ቲኤስኤስ ተብሎ ተጽፏል፤ መንጠቆ የለውም፣ ሁክለስ ነው። ጎማው 28-622 ቱብለስ፣ ያለ ካላማዳሪያ የሚነዳው ዓይነት ነው። ክብደቴ 74 ኪሎ ሲሆን እስካሁን ፊት 4.5፣ ኋላ 4.8 ባር ነው የምነፋው።

ሲላንቱ (ጎማው ውስጥ ሆኖ ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ) ደርቆ አልቋል፤ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ለጊዜው ሌላ አላገኘሁም። እስካገኝ ድረስ ሁለቱንም ጎማ በካላማዳሪያ ልነዳ አስቤያለሁ። ሁክለስ ላይ ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ የትኛው ዓይነት ካላማዳሪያ? ቸርኬው ላይ የተለጠፈው ናስትሮ ይነሳ ወይስ ይቆይ? ግፊቱስ ስንት ይሁን?

አንድ ነገር ልጨምር። የኋላውን ሞክሬ 3 ባር ገደማ ሲደርስ ጧ ብሎ ፈነዳ። ካላማዳሪያው አዲስ ነበር። ቅዳዱ ረጅም ነው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከቫልቩ አጠገብ። ጎማው ምንም አልሆነም። ምክንያቱን የምታውቁ ብትነግሩኝ።

---

ራጂ32

ይፈቀዳል፤ ጎማው ቱብለስ እስከሆነ ድረስ ብቻ። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚረዳው፦ «ካላማዳሪያ ካስገባሁማ ተራ ጎማም ይሆናል» ይላል። አይሆንም። የካላማዳሪያ ሥራ አየር መያዝ ነው፤ ጎማውን ቸርኬው ላይ አጥብቆ መያዝ ሥራው አይደለም።

መንጠቆ ያለው ቸርኬ ግድግዳው ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ ቆልመም ይላል፤ ጎማው ሲነፋ ጠርዙ እዚያ ሥር ይያዛል። ሁክለስ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ጎማውን የሚያስቀረው የጎማው ጠርዝ አለመለጠጡ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የቱብለስ ጎማ ጠርዝ ውስጥ ያለው ክር እንዳይሳብ ተደርጎ የሚሠራው፤ ቅርጹም መቀመጫው ላይ ልክክ እንዲል ነው። የተራ ተጣጣፊ ጎማ ጠርዝ ግን ግፊት ሲበዛበት ትንሽ ይለጠጣል። ያቺ ትንሽ በቂ ናት፤ ጎማው ግድግዳውን ተሻግሮ ይወጣል፣ ካላማዳሪያውም አብሮ ይፈነዳል። ይህ ቁልቁለት ላይ በፊት ጎማ ከደረሰ ብስክሌቱን የሚያድነው የለም።

ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ሱቅ ውስጥ መሳሳት ቀላል ነው። የኮንቲኔንታልን ጂፒ 5000 ውሰድ። ምንም ቅጥያ የሌለው ጂፒ 5000 ተራ ጎማ ነው፤ ሁክለስ ላይ ፈጽሞ አይገባም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጂፒ 5000 ቲኤል ቱብለስ ቢሆንም ለሁክለስ አልተፈቀደም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የመጣው ጂፒ 5000 ኤስ ቲአር ግን ለሁክለስ ተፈቅዷል። ሦስቱም «ጂፒ 5000» ነው የሚባሉት። ስለዚህ የጎማህን ጎን በደንብ አንብብ፤ «ሁክለስ» የሚል ቃል ወይም ምልክት ከሌለበት የአምራቹን ዝርዝር አይተህ ነው የምትገጥመው። ቱብለስ መሆኑ ብቻውን አይበቃም።

ያንተ ቸርኬ ላይ ያለው ቲኤስኤስ «ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ቱብለስ» ማለት ነው። ቲሲ የሚል ቢሆን ኖሮ መንጠቆ ያለው ቱብለስ ነበር። 622 የጎማ መቀመጫው ዲያሜትር ነው፣ 23 ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ውስጣዊ ስፋት። 23 ላይ 28 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ ይሄዳል። ውስጡ 25 የሆነ ሁክለስ ቢሆን ግን ዝቅተኛው 29 ነው፤ 28 አይፈቀድም። በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ብስክሌተኛው ቶማስ ደ ጄንት በዩኤኢ ቱር ውድድር ላይ ጎማው ከሁክለስ ቸርኬው ወጥቶ ከወደቀ በኋላ በዚህ ስፋት ጉዳይ ላይ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ያ ጎማ ካላማዳሪያ ያለበት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው፦ የጎማና የቸርኬ ስፋት መጋጠሙን ሳታረጋግጥ አትንዳ።

ግፊት፦ ሁክለስ ላይ ጣሪያው 5 ባር ነው፣ በፒኤስአይ 72.5። ካላማዳሪያ መግባቱ ይህን ቁጥር ከፍ አያደርገውም። ጎማው ላይ ከዚህ ያነሰ ከተጻፈ ያነሰው ነው የሚገዛህ።

---

ጎሚስታ_ነኝ

የፈነዳብህ ምክንያት ከገለጻህ ይታወቃል። ረጅም ቅዳድና የጧ ድምፅ ማለት ካላማዳሪያው ከጎማው ጠርዝ ሥር ተነክሶ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ስትነፋው ጠርዙ ወደ ቦታው መውጣት ያቅተዋል፤ ካላማዳሪያው በቀረችው ክፍተት ሾልኮ እንደ ፊኛ ያብጥና ይተረተራል። የእሾህ ቀዳዳ እንዲህ አይደለችም፤ መርፌ የምታክል ናት፣ ፊሽ እያለች ነው የምታስተነፍሰው። ቫልቩ አጠገብ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያረጋግጣል፤ እዚያ ቦታ ካላማዳሪያው ወፍራም ነው፣ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ተወጥሮ ይቀመጣል፣ ጠርዙም በቀላሉ ይረግጠዋል።

ከመግጠምህ በፊት ግን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አለ። ቱብለስ ሆኖ የተነዳ ጎማ እሾህና ብርጭቆ ተሸክሞ ነው የሚኖረው። እሾህ ሲወጋው ሲላንቱ ዙሪያውን ደፍኖ ዝም ያሰኘዋል፤ አንተ ሳታውቅ ወር ሁለት ወር ትነዳለህ። እሾሁ ግን እዚያው ነው። ካላማዳሪያ ባስገባህ ቀን ያ ሁሉ እሾህ ጫፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ይጠብቀዋል። «አዲስ ካላማዳሪያ አስገብቼ አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ተነፈሰ» የሚለው እሮሮ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ጎማውን ሙሉ በሙሉ ከቸርኬው አውጣው። የደረቀውን የሲላንት ቆዳ በእጅህ እየፈተግህ ላጠው፤ ቀጭን ሆኖ የተጣበቀው ቢቀር ግድ የለም፣ ጓል የሆነው ግን ይነሳ። ከዚያ ወደ ውጭ ገልብጠህ በብርሃን ተመልከት። ውስጡን በባዶ ጣት አትዳስስ፤ ጥጥ ወይም አሮጌ ስቶኪንግ ይዘህ ዙሪያውን አስኪደው፣ ክሩ የተያዘበት ቦታ ላይ እሾህ አለ። በወረንጦ ከውጭ ሳበው፤ ከውጭ ተሰብሮ ከጠፋ ከውስጥ በወፍራም መርፌ ገፍተህ አውጣው። አንድ ዙር አይበቃም፣ ሁለት ጊዜ አድርገው። ጎማው ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የተቆረጠ ቦታ ካገኘህ ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ጎማ ጎን የተቆረጠ ልጣፊ አድርግበት፤ አለዚያ ካላማዳሪያው በዚያ በኩል እያበጠ ይወጣል።

የቱብለሱ ቫልቭ ይውጣ። ነቱን ፈትተህ ቫልቩን ወደ ውስጥ ግፋው፤ ነቱንም ጎማ ቀለበቱንም አብረህ አስቀምጥ፣ ስትመለስ ያስፈልግሃል። ብዙ ጊዜ ሲላንት አጣብቆት ይገኛል፣ በፒንሳ ጠምዝዘህ እንዳትሰብረው፤ ለብ ያለ ውኃ ትንሽ አፍስበትና ጠብቅ።

ናስትሮው ይቆይ። የራጂ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነው እሱ ነው፤ ከተነሳ ካላማዳሪያው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቆረጣል። ግን ፈትሸው፦ ጠርዙ የተነሳ፣ ከሥሩ አየር የያዘ፣ ራጂ ቀዳዳ ላይ የሰረጎደ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ቀይረው። ለ23 ሚሊ ሜትር ውስጥ 25 ወይም 26 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የቱብለስ ናስትሮ ነው የሚሆነው። የኤሌክትሪክ ናስትሮ አታድርግ፤ ይለጠጣል፣ ሙጫውም ሙቀት ሲነካው ይንሸራተታል።

አሁን መግጠም። አንዱን ጠርዝ ቸርኬው ላይ አግባ። ካላማዳሪያው ላይ ፓውደር ነስንስበትና ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ አየር ስጠው። ቫልቩን አስገባ፣ ነቱን አንድ ሁለት ዙር ብቻ ያዝ አድርገው፣ ካላማዳሪያውን ሳይጠማዘዝ ጎማው ውስጥ ሸሽገው። ሁለተኛውን ጠርዝ ከቫልቩ ትይዩ ጀምር፤ በሁለት እጅ ወደ ግራና ቀኝ እየገፋህ ወደ ቫልቩ ና።

ቱብለስ ጎማ መጨረሻዋ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አልገባም ይላል። ጉልበት አትጨምርበት። ቸርኬው መሃል ላይ የጎደጎደ ቦይ አለው፤ ዲያሜትሩ ከመቀመጫው ያንሳል። የገባው ጠርዝ በሙሉ መቀመጫው ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ለመጨረሻው የሚቀር ልል ነገር የለም። ከትይዩው ጀምረህ ዙሪያውን ሁለቱንም ጠርዝ በአውራ ጣትህ እየቆነጠርህ ወደ ቦዩ ጣለው፤ ጎማውን ጥብቅ አድርገህ እየያዝህ ያገኘኸውን ልል ወደ ቫልቩ አምጣው። ያኔ በእጅ ይገባል። ካልሆነ የፕላስቲክ ማውለቂያ ተጠቀም፤ ብረት ወይም ካቻቢቴ ካርቦኑንም ናስትሮውንም ካላማዳሪያውንም ይጎዳል።

ከገባ በኋላ አንተ የዘለልከው ይመስለኛል ይሄን፦ ቫልቩን ከውጭ ወደ ላይ፣ ወደ ጎማው ሆድ፣ ግፋው። ወፍራሙ ክፍል ከጠርዞቹ መካከል ይወጣል። ከዚያ መልሰህ ሳበው። ቀጥሎ ዙሪያውን በሁለቱም ጎን ጎማውን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ እየገፋህ በጠርዙና በቸርኬው መካከል ተመልከት፤ ናስትሮው ብቻ መታየት አለበት። ጥቁር ካላማዳሪያ ብልጭ ካለ ጎማውን እያወዛወዝህ አስገባው።

1 ባር ንፋና አቁም። ከጠርዙ በላይ ጎማው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ከቸርኬው ያለው ርቀት በሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ከሰመጠ አየሩን አውጥተህ እዚያ ላይ የሳሙና ውኃ ቀባና እንደገና ንፋ። ቅባትና ዘይት አይሆንም። ከፍ እያልክ ስትሄድ ጠርዙ ቀጭ እያለ ይቀመጣል፤ ያ ድምፅ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ የቫልቩን ነት በጣት ብቻ አጥብቀው። በፒንሳ ከታሰረ የቫልቩን ሥር ይቀድደዋል።

---

ዳገት_ወዳጅ

እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ቫልቩን ወደ ላይ አልገፋሁትም ነበር፤ ጎማውም የተዘጋው እዚያው ላይ ነው። ናስትሮውን አየሁት፣ ጤነኛ ነው። የካላማዳሪያውን ዓይነት ብትነግሩኝ፤ የሚገኙት ጥቁሩ ተራው እና ብርቱካናማው ቀጭን ፕላስቲክ ናቸው። የቫልቭ ርዝመትም ግራ ገብቶኛል።

---

ኩርንችት_ዴንቨር

ከቫልቩ እጀምራለሁ። የቸርኬህ ቀዳዳ ለፕሬስታ (ለቀጭኑ የብስክሌት ቫልቭ) የተሠራው 6.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የመኪና ዓይነቱ ወፍራም ቫልቭ አይገባም፤ ካርቦን ቸርኬ ደግሞ በመሰርሰሪያ አይሰፋም። ቁመቱ 45 ከሆነ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ መታየት አለበት፣ ስለዚህ 65 እና ከዚያ በላይ ግዛ። 48 ብቻ ካገኘህ ማስረዘሚያ አለ፤ ልቡ (አየሩን የሚዘጋው የውስጥ ክፍል) የሚፈታ ቫልቭ ከሆነ ልቡን አውጥተህ ማስረዘሚያውን መሃል ላይ ታስገባና ልቡን ጫፉ ላይ ታስራለህ። ክሩ ላይ ቀጭን የቴፍሎን ናስትሮ ካልጠቀለልህ ግን ያስተነፍሳል።

ጥቁሩ ቡቲል ነው። ለዚህ ስፋት 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ቀላል የሚባለው 70 እና 80 ግራም አለ። ለአንተ የምመክረው እሱን ነው። ሲነከስ ይችላል፣ በማንኛውም ልጣፊና ማስቲሽ ይጠገናል፣ አየሩን ሳምንት ይይዛል። መጠኑን 20-28 ወይም 25-32 የሚለውን ውሰድ፤ ሁለቱም ካሉ ጠበብ የሚለው ጥብቅ ጎማ ውስጥ በቀላሉ ይሸሸጋል። ከዚህ ሰፊ የሆነ ግን ይታጠፋል፣ እጥፋቱም ጠርዙ ሥር ይገባል።

ብርቱካናማው ቲፒዩ ነው፤ ከ25 እስከ 45 ግራም። ቀላልና ትንሽ ስለሆነ ለኪስ መለዋወጫነት አቻ የለውም። ችግሩ ከጎማ ውጭ ሲነፋ ተለጥጦ ይቀራል፤ ከመግባቱ በፊት ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ፣ በአፍ የመንፋት ያህል ነው አየር የሚሰጠው። ሰፊ ጎማ ውስጥ ከሠራ በኋላ ወደ ጠባብ አይመለስም። በተራ ማስቲሽ አይለጠፍም፤ የራሱ ልጣፊ አለው፣ ቦታውም በአልኮል ይጸዳል። አንዳንዱ የቫልቩ አንገት ፕላስቲክ ስለሆነ ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ መንፊያዎች ሲግሉ ያቀልጡታል። በቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ላለው ብስክሌት ጭራሽ የማይፈቀዱ አሉ፤ ያንተ ዲስክ ስለሆነ በዚህ አትሰጋም።

ላቴክስ የሚባለውም አለ፣ 75 ግራም ገደማ፤ ሲነዱት ልስልስ ነው። በአንድ ሌሊት አየሩን ስለሚያፈስ ጠዋት ጠዋት መንፋት ግዴታ ነው፣ በጣም ቀጭን ስለሆነም ጥብቅ ጎማ ውስጥ ሲገባ በቀላሉ ይነከሳል። ለአንተ ጉዳይ አይሆንም።

ጎሚስታ_ነኝ ስለ እሾህ ያለው ላይ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። እኔ ያለሁበት ኮሎራዶ መንገድ ዳር የሚበቅለው ያው እኛ አገር ኩርንችት የምንለው ነው፤ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ይቆማል። ከአንድ ጎማ ውስጥ አሥር ሃያ የእሾህ ጫፍ መልቀም እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። ግራር ባለበት መንገድም እንዲሁ ነው። ጎማህ እንዲህ ያለ ቦታ የዋለ ከሆነ ሲላንት ስታገኝ ቡቲሉ ውስጥ የቫልቩን ልብ ፈትተህ 30 ሚሊ ሊትር መጨመር ትችላለህ፤ የእሾህ ቀዳዳን ይደፍናል። ትልቅ ቅዳድ ግን አይደፍንም፣ ካላማዳሪያው ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይሰፋል።

በአንድ ነገር ከጎሚስታ_ነኝ አልስማማም። ካላማዳሪያ ሲኖር ጎማውን በትክክል ቫልቩ ላይ መጨረስ ያንን ንክሻ የሚጋብዝ ነው። ከቫልቩ 10 ሳንቲ ሜትር ፈንጠር ብሎ መጨረስ ይሻላል።

---

ጎሚስታ_ነኝ

@ኩርንችት_ዴንቨር ሐሳብህ ልል በሆነ ጎማ ላይ ልክ ነው። በጥብቅ ቱብለስ ላይ ግን ቫልቩ ያለበት ቦታ ጠርዙ ቦዩ ውስጥ እንዳይወርድ ያደርገዋል። እዚያን ቦታ አስቀድመህ ከዘጋኸው ልሉ ተሰቅሎ ይቀራል፤ መጨረሻው ላይ ማውለቂያ ትጠቀማለህ፣ ማውለቂያው ደግሞ ካላማዳሪያውን ይነክሳል። ከሁለቱ የቱ ይቀላል ከተባለ ቫልቩ ላይ ጨርሶ ወደ ላይ መግፋት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ፈንጠር ማለት መሃል መንገድ ስለሆነ በእጅ የሚገባለት ሰው ቢያደርገው ጥፋት የለውም።

---

ባር_ለካሁ

ግፊቱ ላይ እኔ ልመልስ። ቱብለስን በካላማዳሪያ ስትተካ ከለመድከው ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ትጨምራለህ። ምክንያቱ፣ ጉድጓድ ጠርዝ ስትመታ ጎማው እስከ ቸርኬው ይጫናል፤ ቱብለስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ካላማዳሪያ ሲኖር ግን በጎማውና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል፣ እባብ እንደነከሰው። በ74 ኪሎህ ፊት 4.7፣ ኋላ 4.9 እላለሁ። 5 ላይ አትድረስ፤ የመንፊያ መለኪያዎች ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላሉ፣ ጣሪያው ደግሞ ጣሪያ ነው።

ይህ የ28 ሁክለስ ጉዳቱ ነው። 85 ወይም 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ካላማዳሪያ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ግፊት ከ5 ባር ያልፋል፣ ቸርኬው ደግሞ አይፈቅድለትም። ያ ሰው ወደ 30 ወይም 32 ጎማ መሄድ አለበት፤ አየሩ ስለሚበዛ ባነሰ ግፊት ይሸከመዋል። መንጠቆ ያለው ቸርኬ ያላችሁ ይህ ጭንቀት የለባችሁም፤ ጎማውና ቸርኬው ላይ የተጻፈውን ብቻ ጠብቁ።

ሰው የሚዘነጋው የሲኦቱ ካርትሬጅ (መንገድ ላይ ጎማ የሚነፋበት ትንሽ የታመቀ ጋዝ ጠርሙስ) ነው። 16 ግራም የሆነው 28 ጎማን ከ6 ባር በላይ ይነፋዋል። ሁክለስ ላይ ሙሉውን ለቅቆ መተው አደጋ ነው፤ መክፈቻው የሚቆጣጠር ይሁን፣ በእጅህ እየጫንክ አቁመው። ለ32 ጎማ እንኳ 5 ባርን ትንሽ ያልፋል። ቡቲል ውስጥ ያ ጋዝ ቶሎ ስለሚያመልጥ ቤት ስትደርስ በተራ አየር ለውጠው።

ከፍታና ሙቀትም ይጠየቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በእጅ መንፊያ ተመሳሳይ ግፊት ለማግኘት ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በመቶ 30 ያህል የበዛ ምት ያስፈልግሃል። መንፊያህ ተበላሸ ብለህ አትፍታው። ወደ ቆላ ስትወርድ መለኪያው የሚያሳየው ይቀንሳል፤ እስከ ባሕር ወለል ብትወርድ እንኳ ልዩነቱ 0.25 ባር ነው፣ እስከ አዳማ ያለው ቁልቁለት ከ0.1 በታች። ሙቀቱ ይበልጣል፦ በየ10 ዲግሪው 0.2 ባር ገደማ ይጨምራል። ጠዋት በ15 ዲግሪ 4.9 የተነፋ ጎማ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ 55 ዲግሪ ከደረሰ 5.7 ይሆናል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ብስክሌት መኪና ውስጥ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ባር አስተንፍሱለት።

---

ዳገት_ወዳጅ

በጣም ግልጽ ነው። መጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቅ። መንገድ ላይ ቢተነፍስስ? ይህ ጎማ ቤት ውስጥ እንኳ ከመቀመጫው አልላቀቅ ብሎ ነበር። ደግሞ ሲላንት ሳገኝ ወደ ቱብለስ ስመልሰው የማደርገው የተለየ ነገር አለ?

---

ጎሚስታ_ነኝ

የቱብለስ ቸርኬ መቀመጫው ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ ስላለው ነው አልላቀቅ የሚለው፤ ጎማው አየር ሲያጣ ድንገት ወደ ቦዩ እንዳይወድቅ የተደረገ ስለሆነ ጠቃሚ ነው። አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ ጎማውን መሬት ላይ አቁመህ ሁለቱን አውራ ጣት ጎን ለጎን አንድ ቦታ ላይ አድርገህ ጠርዙን ወደ መሃል ግፋ። ዙሪያውን አትሞክር፣ አንዱ ቦታ ከተላቀቀ ሌላው ይከተላል። ጣት ካቃተው ጫማህን አውልቀህ ጎማውን በጎኑ አስተኝና ተረከዝህን ጎማው ላይ ብቻ ጫን፤ ቸርኬውንና ራጂውን አትርገጥ። በማውለቂያ ከጎን አትፈልቅቅ፣ የቱብለስ ጠርዝ ከተጎዳ በኋላ አየር አይዝም።

ካላማዳሪያውን ስታወጣ ቀዳዳው የት እንደሆነ ሳታይ ሌላ አታስገባ። በውጭ በኩል አንድ ነጥብ ከሆነ እሾህ ነው፤ ቫልቩን ከጎማው ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አስተካክለህ ከገጠምህ የካላማዳሪያውን ቀዳዳ ጎማው ላይ ቦታውን በቀላሉ ታገኘዋለህ፣ ስለዚህ አሁን ስትገጥም እንዲያ አድርግ። ሁለት ጎን ለጎን ከሆኑ ግፊት አንሶ ነበር። በቸርኬው በኩል ከሆነ ናስትሮው ነው። የቫልቩ ሥር ላይ ከሆነ ነቱ ጠብቋል ወይም ስትነፋ መንፊያውን አወዛውዘኸዋል።

ሲላንት ያለበት ጎማ መንገድ ላይ ቢተነፍስብህ እርጥቡን አፍስሰህ በጨርቅ ጥረገውና ካላማዳሪያ አስገባ፤ ቡቲልን አይበላውም። ብቻ ቤት ስትደርስ አውጣው፤ ሲላንቱ ሲደርቅ ካላማዳሪያውን ከጎማው ጋር ያጣብቀዋል፣ በኋላ ሲላጥ ይቀደዳል።

ስትመልሰው ናስትሮውን እንደገና ፈትሽ፤ ካላማዳሪያ ሲገባና ሲወጣ ጠርዙን ሊያነሳው ይችላል፣ ለካላማዳሪያ ግድ የሌላት ትንሽ መነሳት ለቱብለስ ማፍሰሻ ናት። መቀመጫው ላይ የቀረ ፓውደር በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። የእሾሁን ቀዳዳዎች አዲሱ ሲላንት ይደፍናቸዋል፣ ልጣፊ ያደረግህበት የተቆረጠ ቦታ ግን ከውስጥ በማስቲሽ በደንብ መለጠፍ አለበት፤ ሳይጣበቅ የተቀመጠ ልጣፊ ለካላማዳሪያ ብቻ ነው የሚሆነው። ለ28 ጎማ 30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ሲላንት ጨምርበት፣ ከነፋኸው በኋላ በየጎኑ አስተኝተህ አገላብጠው። ከዚያ በየሁለት ወሩ የቫልቩን ልብ ፈትተህ ቀጭን ዘንግ አስገብተህ ተመልከት፤ ዘንጉ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ጨምርበት።